አርባ ሁለት ሰከንድ

«ፊት ለፊቴ የተቀመጥሽው አንቺ አይደለሽም? ሌላ ማን ነበረ እዚህ ቤት?»

ሊቁ ይህን የሰማው ገና ከአልጋው ሳይነሳ ነው። ድምፁ የአክስቱ ነው፤ ዳሩ ግን አክስቱ በዚህ ድምፅ ስትናገር ሰምቶ አያውቅም። የሱን ክፍል ከስፌት ክፍሉ የሚለየው ስስ ጣውላ ስለሆነ በዚያ በኩል የተባለው ሁሉ በዚህ በኩል ይሰማል። ሌላ ቀን በዚህ ሰዓት የስፌት መኪናው ሥራ ከጀመረ ቆይቷል። ዛሬ መኪናው ዝም ብሎ በምትኩ ከስልክ የሚወጣ የብዙ ሰው ሳቅ ይሰማል። ሳቁ ይቆማል፤ ደግሞ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ሊቁ ሳቁን ወዲያው ነው ያወቀው። ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቦ ጣራ ጣራውን እያየ ደርቆ ቀረ።

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ እኔ አላነሳሁሽም!» አለች ቁልፌ። «ስልኬ እኮ ይኸው፤ እንኪ እዪው። ምን አጥቼ ነው አንቺን የማነሳው?»

«ቤትሽ ወስደሽ ለዘመድ አዝማድሽ አሳየሽኝ። ይኸው ሲያውካኩ ይሰማል!»

ከልጅነቱ ያሳደገችው አክስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ቁልፌ ደግሞ የልብስ ቁልፍ የምትሰፋላት፣ ጠርዝ የምትቀመቅምላት፣ አሥራ አንድ ዓመት በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ፊት ለፊት ተቀምጣ የሠራች ባልደረባዋ ናት። እናትና አባቷ ያወጡላት ስም ሌላ ነው፤ ቁልፌ ያለቻት አክስቱ ናት። እሱን ሊቁ ያለችው ደግሞ ቁልፌ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ አፍጥጦ የሚውል ሰው ሌላ ምን ይባላል ብላ። ቁልፌ ወሬ ትወዳለች፤ ከወሬም በላይ ስልኳን ትወዳለች። ተሰፍቶ ያለቀ ቀሚስ ሁሉ ባለቤቱ ሳያየው በፊት በቁልፌ ስልክ ፎቶ ይነሳል። ስለዚህ ጥርጣሬው እሷ ላይ ለማረፍ ብዙ አልተንከራተተም።

ቪዲዮው አርባ ሁለት ሰከንድ ነው። አክስቱ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አውርዳ፣ ሌባ ጣቷን ወደ ፊት ዘርግታ፣ አንድ ቃል ፊደል በፊደል ታነባለች። «ይ... ስ... ማ...» ትልና ትቆማለች። ከንፈሯን ታረጥባለች። ቃሉ «ይስማማሉ?» የሚል ነው፤ ፕሮግራም ከመጫኑ በፊት ኮምፒውተሩ የሚጠይቀው ጥያቄ። እሷ ግን አንዱን ማ ዘላ፣ ስን ሰ አድርጋ «ይሰማሉ?» ብላ ታነበዋለች፤ ከዚያም የጠየቃት ሰው ያለ ይመስል ቀና ብላ በትሕትና «አዎ፣ በደንብ እሰማለሁ» ብላ ትመልሳለች። ሳቁ የሚፈነዳው እዚህ ጋ ነው።

የሠራውን ፕሮግራም ስትሞክርለት ይህን የቀረጸው የሊቁ የራሱ ላፕቶፕ ነው፤ ከስክሪኑ በላይ ባለችው ሽንብራ በምታክል ካሜራ። የዚያን ቀን ቁልፌ በእርግጥ ከጠረጴዛው ማዶ ስልኳን ይዛ ተቀምጣ ነበር፤ ስለዚህ አክስቱ ፊቷ ከየት በኩል እንደተነሳ ስታሰላ ሒሳቡ ልክ መጣላት። ሊቁ ካሜራውን መክፈቱን ለማንም አልተናገረም። ለጥናት ነው ብሎ ነበር ለራሱ፤ ሰው የሚደናገርበትን ቦታ ለማየት። ባለፈው ሳምንት ግን የፕሮግራም ሠሪዎች ስብሰባ ላይ ተጋብዞ መድረክ ሲወጣ ቪዲዮውን ግድግዳ በሚያክል ስክሪን ላይ ለቀቀው። አዳራሹ ውስጥ ሦስት መቶ ሰው ነበር። ከመካከላቸው አንዱ ፊቷን ብቻ ከስክሪኑ ላይ አቅርቦ ከነሳቁ በስልኩ ቀርጾ በተነው፤ ሰው ለሰው ሲቀባበለው ሰንብቶ ዛሬ ማለዳ አንዲት ደንበኛ «እርስዎ ነዎት እንዴ?» ብላ ለራሷ ለአክስቱ ላከችላት።

«አንድ ነገር ልንገርሽ» አለች አክስቱ፤ ድምፅዋ አሁን ዝቅ ብሏል፤ ዝቅ በማለቱም ከቅድሙ ይልቅ ያስፈራል። «ማንበብ እንደሚያቅተኝ በዚህ ምድር ላይ የሚያውቅ ሁለት ሰው ነው። አንዱ ልጄ ነው። ሌላዋ አንቺ ነሽ።»

ሊቁ ተነስቶ በሩን ከፍቶ «እኔ ነኝ» ማለት ነበረበት። ሦስት እርምጃ ነው። አሁን እነሳለሁ አለ በሆዱ። ደግሞ ትንሽ ይብረዱ አለ። ቁልፌ ባለችበት ከምናገር ለብቻዋ ብነግራት ይሻላል አለ። ዛሬ ትልቅ ቀጠሮ አለኝ፣ ተረብሼ መሄድ የለብኝም አለ። እንዲህ ምክንያት ሲደረድር የቁልፌ መቀስና የቁልፍ ጣሳዋ እየተንኳኩ ቦርሳ ውስጥ ሲገቡ ሰማ፤ ወንበር ተጎተተ፤ የውጭው በር ቀስ ብሎ ተዘጋ። ቁልፌ በሩን በዝግታ መዝጋቷ ነው ይበልጥ አንጀቱን የበላው። ብትወረውረው ይሻል ነበር።

ተጣጥቦ ሲወጣ ቁርሱ እንደወትሮው ጠረጴዛው ጥግ ላይ ቀርቧል፤ ሁለት እንቁላል፣ ዳቦና ሻይ። ጨርቁ፣ ክሩ፣ ግማሽ የተሰፋው ግራጫ ካፖርት ሁሉም ቦታ ቦታቸው ናቸው፤ የቁልፌ ወንበር ላይ ብቻ ማንም የለም። አክስቱ መኪናው ላይ ጎንበስ ብላ ክር ታስገባለች። ዓይኗ ቀልቷል። «ሰማኸን እንዴ?» አለችው ቀና ሳትል።

«ተኝቼ ነበር» አለ።

«እንኳንም አልሰማህ።» ክሩ እንቢ አላት፤ ጫፉን በምራቋ አርጥባ እንደገና ሞከረች። «ሸሚዝህን በሩ ላይ ሰቅዬልሃለሁ፤ ኮሌታውን አጠንክሬ ነው የተኮስኩት። ሰውዬው ሲያናግርህ ዓይንህን እንዳትሰብር። አንተ ስታፍር ጊዜ ወለል ወለሉን ነው የምታየው፤ ሌባ ትመስላለህ።»

ሊቁ ዳቦውን ቆርሶ አፉ ውስጥ ከተተና ተነሳ። ሸሚዙ ሲለብሰው ገና ሙቀቱ አልበረደም ነበር።

ደረጃውን ወርዶ ከሕንፃው ሲወጣ ቁልፌ በሩ አጠገብ ባለው የሲሚንቶ አጥር ላይ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ተቀምጣለች። ሳታየው ለማለፍ አስቦ ነበር፤ ቀድማ አየችው። «ሊቁ፣ ልጄ፣ አንተን ስጠብቅ ነው» ብላ ተነሳች። የሆነውን ሁሉ ከሀ እስከ ፐ ነገረችው። እሱ አዲስ ነገር እንደሚሰማ ሰው ቅንድቡን እያነሳ «ኧረ!» «እንዴት?» እያለ አዳመጠ፤ ድምፁን ለራሱ ሲሰማው የሌላ ሰው ድምፅ መሰለው። በመጨረሻ ቁልፌ ስልኳን ከቦርሳዋ አውጥታ በሁለት እጇ ዘረጋችለት። «አንተ የዚህ ነገር ሰው ነህ። እስቲ ፈትሸው። ከዚህ ስልክ እንዳልወጣ ማወቅ ትችላለህ አይደል? አይተህ ንገራት፤ ያንተን ቃል ታምናለች።»

አልቀበልም ማለት ይችል ነበር። ተቀበለ። እዚያው አጥሩ ዳር ቆሞ፣ እሷ ፊቱን ፊቱን እያየችው፣ የቁልፌን ስልክ መፈተሽ ጀመረ። ቀሚሶች አየ፤ ቁልፎች አየ፣ አጥንት፣ ብረት፣ እንጨት የሚመስሉ፣ በነጭ ጨርቅ ላይ በመደዳ የተደረደሩ። የባሏን የሐኪም ወረቀቶች አየ። የባሏን እግር አየ፤ ያበጠ፣ ጎኑ ላይ ቁስል ያለበት፤ ለሐኪም ለማሳየት በየሳምንቱ ያነሳችው። ከዚያ አክስቱን አየ፤ በመስኮቱ ብርሃን፣ ክር በጥርሷ ይዛ፣ እየሳቀች። ቆንጆ ሆና ነበር የተነሳችው። ጣቱን ወደ ላይ ወደ ታች እያንሸራተተ የሌለ ነገር ሲፈልግ ኮሌታው አንገቱን አነቀው።

«የለም» አለ ስልኩን እየመለሰ። «ምንም የለም።»

«አላልኩህም! እንግዲያው ንገራት። ዛሬውኑ ንገራት።»

«እነግራታለሁ።»

«እግዜር ይስጥህ፣ ልጄ» ብላ ትከሻውን ሳመችው። ሊቁ ታክሲ ማቆሚያው እስኪደርስ ወደ ኋላው አልዞረም።

የቀጠሮው ቢሮ አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ወለሉ ስለሚያብረቀርቅ ሰው ሲራመድ የራሱን ጫማ ያያል። ሥራ አስኪያጁ የትናንሽ ፕሮግራም ሠሪዎችን ሥራ ሰብስቦ የሚሸጥ ሰው ነው፤ አምሳ ዓመት የሚሆነው፣ ፈጣን፣ ሲስቅ ጠረጴዛ የሚመታ። ሊቁ መሣሪያውን አንድ በአንድ ሊያስረዳ ሲሰናዳ በእጁ ምልክት አስቆመው። «አየሁት እኮ፤ አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ። የኛ ልጆች ብቻቸውን ቁጭ ብለው ለመድኃኒት ቤት፣ ለጋራዥ ፕሮግራም ይሠራሉ፤ ቤታቸው ይሠራል፣ ደንበኛው ጋ ሲደርስ አይከፈትም። አንዱ ፋይል ይጎድላል፣ ሌላው ያለ ቦታው ይቀመጣል። ደንበኛው ይደውላል፣ ልጁ ታክሲ ይዞ ይሄዳል። ያንተ መሣሪያ ሁሉንም ጠቅልሎ አንድ መጫኛ ያደርግላቸዋል፤ ደንበኛው አንዴ ተጫነው፣ አለቀ። ይኸው አይደል?»

«ይኸው ነው።»

«ሌሎቹ መጫኛዎች ስምንት ገጽ አላቸው። ቀጥል፣ ቀጥል፣ የት ልጫን፣ ቀጥል። ያንተ አንድ ገጽ ብቻ ነው። ይህን ከየት አመጣኸው?»

ከየት እንዳመጣው ሊቁ አሳምሮ ያውቃል። ከሦስት ወር በፊት አክስቱ የመጀመሪያውን ሙከራ ስትሞክር «የት ቦታ ልጫነው?» የሚለውን ገጽ ተንተባትባ ካነበበች በኋላ መነጽሯን አውልቃ «እኔ ደንበኛዬን በስንት ቁጥር መርፌ ልስፋልህ ብዬ እጠይቀዋለሁ? ኮቱን ነው የሚፈልገው። ሙያው ያንተ ከሆነ ለምን እኔን ትጠይቀኛለህ?» ብላው ነበር። በዚያው ሌሊት ሰባቱን ገጽ ደምስሶ አንዱን አስቀረ። አሁን ግን «ብዙ ጥናት አድርጌ ነው» አለ። ወለሉን ማየት ጀምሮ እንደነበረ ያወቀው ጫማውን ሲያይ ነው።

«ያቺ ሴትዮስ?» አለ ሥራ አስኪያጁ፤ ትዝ ብሎት ከወዲሁ እየሳቀ። «አዎ፣ በደንብ እሰማለሁ! ሚስቴ ቤት ውስጥ ስጠራት እንዲህ ሆኗል የምትመልስልኝ። ተዋናይ ናት? ወይስ ዘመድህ ናት?»

ጥያቄው ተራ ጥያቄ ነበር። የሊቁ አፍ ከሱ ቀድሞ መለሰ። «ጎረቤታችን ናት።»

«ማስታወቂያችን እሷ ናት። ገጻችን ላይ ከሁሉ በላይ እናወጣታለን፤ ከሥሯ ደግሞ ‹እሷ ከቻለች ማንም ይችላል› ብለን እንጽፋለን።» ወረቀት አቀረበለት። ሁለት ቅጂ ነው። ሊቁ እስክሪብቶውን አንስቶ ሁለቱንም ፈረመ። ሥራ አስኪያጁ እስከ አሳንሰሩ ሸኘው፤ ሲለያዩም «ለጎረቤትህ ሰላምታ አቅርብልኝ» አለው።

ወደ ቤት ለመግባት አልቸኮለም። ሁለት ፌርማታ በእግሩ ሄደ፤ አንድ ካፌ ገብቶ ሻይ አዝዞ ሳይጠጣው ከፍሎ ወጣ። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደረጃውን ሲወጣ ከበሩ ውስጥ የሴት ድምፅ ሰማ። ማለዳ ቪዲዮውን የላከችው ደንበኛ ናት፤ የባንክ ሠራተኛ፣ ጥሩ ሽቶ የምትቀባ፣ ክፉ ነገር ከአፏ ወጥቶ የማያውቅ። የተጠበበላትን ጉርድ ልትወስድ መጥታ ለሚቀጥለው ሥራ ቀን ታስይዛለች። ቀኑን በቁራጭ ወረቀት ላይ ከጻፈች በኋላ ወረቀቱን ለአክስቱ አዙራ በጥፍሯ እየተከተለች ታነብላታለች። «ቅ፣ ዳ፣ ሜ። ቅዳሜ ይላል፤ እሺ? ይቺ ደግሞ ዘጠኝ ናት።» ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ቃሉን እየጎተተች፣ በፍቅር። ከትናንት በስቲያ ይህችው ሴትዮ እዚሁ ቆማ ስለ ወገቧ ልክ ስትሟገት በሁለት ትንፋሽ መቶ ቃል ትናገር ነበር።

«አመሰግናለሁ፣ የኔ እመቤት» አለች አክስቱ።

«አይዞዎት፤ አሁን ለትልልቅ ሰዎች የማታ ትምህርት አለ እኮ።»

ደንበኛዋ ከሄደች በኋላ አክስቱ የልኬት ደብተሯን ዘጋችው። ደብተሩ በራሷ ምልክት የተሞላ ነው፤ ለትከሻ እንደ ወንበር ያለ ነገር፣ ለእጅጌ ጭራ ያለው መስመር፣ ለወገብ ክብ። ሃያ ዓመት ሙሉ ደንበኛ ሁሉ የልብስ ሰፊዎች ምስጢር ነው ብሎ ያከበረው ነገር ነበር። ደብተሩን መሳቢያ ውስጥ ከተተችና ግራጫውን ካፖርት ሳበች። የቁልፌን ሥራ ራሷ ልትሠራ አምስት ቁልፍ ሰፍታለች፤ ሦስተኛውና አራተኛው መስመር ስተው አንዱ ወደ ቀኝ አንዱ ወደ ግራ ያያሉ። እሷም አይታዋለች። መፍታት ጀመረች።

«ተሳካልህ?» አለችው።

«ተሳካ።»

«ተመስገን። እኔስ የሚያንገበግበኝ ቁልፌ መሆኗ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን እንኳን ቢስቅ፣ ቢጮኽስ ምን ቸገረኝ። ቁልፌ ግን ባሏ ሆስፒታል ሲተኛ እኔ ጋ ነው ያደረችው፤ አንድ አልጋ ላይ ነው የተኛነው።» የፈታችውን ክር ጣቷ ላይ ጠመጠመች። ከዚያ ስልኳን አንስታ ለሱ ዘረጋችለት። «እስቲ አንተ ንገረኝ። ቀኑን ሙሉ ደጋግሜ አየሁት። ቀስ ብዬ ማንበቤን አወቅኩ፤ እሱስ እውነት ነው፤ አሳፍሮኛል። ግን የሚያስቀው የቱ ጋ ነው? ሰው እንዲህ አንጀቱ እስኪቆስል የሚስቀው በምኑ ነው? ከገባኝ እኔም ልሳቅና ይውጣልኝ።»

የምሯን ነበር። ፊቷ ላይ ሽሙጥ የለም፤ ልክ አዲስ ሙከራ ፊት እንደተቀመጠች ሁሉ ቅንድቧን ሰብሰብ አድርጋ መልስ ትጠብቃለች። ሊቁ ስልኩን ይዞ ቆመ። «‹ይስማማሉ› ነው የሚለው» አለ። «‹ይሰማሉ› አይደለም። አንቺ... መሰማት መስሎሽ፣ እሰማለሁ ብለሽ መለስሽለት።»

አክስቱ አሰበችው። ከንፈሯ ትንሽ ተንቀሳቀሰ፤ ቃሉን በሆዷ እያነበበችው ነበር። «አሃ» አለች። «እሱማ ያስቃል።» ግን አልሳቀችም። «አንተ በምን አወቅክ? ስንት ነገር ነው ያስነበብከኝ፤ እዚህ ላይ ጽሑፉ አይታይም እኮ። የሚታየው የኔ ፊት ብቻ ነው።»

«እቴቴ» አለ። ከዚህ በኋላ የወጣው ቃል ሁሉ ተጋፍቶ ነው የወጣው። ካሜራው፣ አዳራሹ፣ ሦስት መቶ ሰው፣ ያሳየው እሱ ራሱ መሆኑ። ቁልፌ ምንም አላደረገችም አለ። ቢሮው ውስጥ ጎረቤታችን ናት ማለቱን ግን አልነገራትም፤ እሱን ለመናገር አቅም አጣ።

ከታች ከመንገዱ አንድ መኪና ደጋግሞ ጥሩምባ ነፋ፤ አልፎ ሄደ። የአክስቱ እጅ ካፖርቱ ላይ እንዳለ ነው። «ጠዋት አልተኛህም ነበር» አለች። ጥያቄ አልነበረም።

«አልተኛሁም።»

«ስትምል ሰምተሃታል።»

«ሰምቻታለሁ።»

«እኔ ደግሞ ሁለት ሰው ነው የሚያውቀው ስል ሰምተሃል።» የመርፌ መከላከያ ቲምብሏን ከጣቷ ላይ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ተነስታ ሻርቧን ከሚስማሩ ላይ አወረደች። «ጫማህን አድርግ።»

የቁልፌ ቤት አሥር ደቂቃ በእግር ነው፤ ከአንድ የብረት በር መሥሪያ በስተጀርባ ያሉ ሁለት ክፍሎች። በሩ ክፍት ነበር። ባሏ ያበጠ እግሩን በርጩማ ላይ ሰቅሎ ሬዲዮ ያዳምጣል፤ ቁልፌ ወለሉ ላይ ተቀምጣ የቁልፍ ጣሳዋን ጋዜጣ ላይ ገልብጣ በየመልኩ ትለያለች፤ የሚሠራ ሥራ ሳይኖር። አክስቱን ስታይ ልትነሳ ፈልጋ እንደገና ተቀመጠች።

«ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት» አለች አክስቱ ገና ደፉ ላይ ሆና። «ስም አጥፍቼብሻለሁ። አንቺ አይደለሽም።»

የቁልፌ ፊት በራ። ወዲያው ወደ ሊቁ ዞራ «ነገርካት! አላልኩሽም! ስልኬን እኮ ፈትሾ ነው፤ አንድ በአንድ ነው ያየው» አለች። «ማን ሆኖ ተገኘ ታዲያ?»

አክስቱ ሊቁን አየችው፤ ከዚያ ወደ ጎን ፈቀቅ ብላ በእሱና በቁልፌ መካከል ያለውን ቦታ ለቀቀች። ባልየው ሬዲዮውን ዘጋ።

«እኔ ነኝ» አለ ሊቁ።

ቁልፌ መጀመሪያ አልገባትም፤ ፈገግታዋ ፊቷ ላይ እንዳለ ቀረ። ሲገባት ቀስ ብሎ ጠፋ። አልጮኸችም። «ታዲያ ጠዋት» አለች፤ «እዚያ አጥሩ ጋ ቆመህ ስልኬ ውስጥ ምን ስትፈልግ ነበር?»

ሊቁ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ባልየው፣ ደግ ሰው ነው፣ በእጁ ባዶ ወንበር እያመለከተ «ተቀመጥ እንጂ ልጄ፣ ቆመህ» አለው። ይህን ሲሰማ እንባው መጣ። ወንበሩ ላይ ለመቀመጥ የሚያበቃ ምንም ነገር በራሱ ላይ አላገኘም። «ይቅር ይበሉኝ» ብሎ ወደ ውጭ ወጣ።

ከብረት መሥሪያው ግድግዳ ጋር ተጠግቶ ቆሞ ለሥራ አስኪያጁ ደወለ። የሚለውን አላሰበበትም ነበር። «ያቺ ሴትዮ ጎረቤታችን አይደለችም» አለ። «አክስቴ ናት። ያሳደገችኝ። ቪዲዮውን እንዳታወጡት። ስቀርጻትም፣ ለሰው ሳሳያትም አልጠየቅኳትም። የአንዱ ገጽ ሐሳብም የሷ ነው፤ ጥናት አላደረግኩም።»

«የመጨረሻውን ለምን ነገርከኝ? እኔ አልጠየቅኩህም» አለ ሥራ አስኪያጁ፤ መልስም አልጠበቀም። «እንግዲያው ወረቀቱን ለጊዜው ወደ ጎን አደርገዋለሁ። ያለ እሷ መሣሪያህ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ጥሩ መሣሪያ ግን ብዙ አለ። ሌላ ነገር ስታመጣ ደውልልኝ።» ሲዘጋው ድምፁ የተቆጣ ሰው ድምፅ አልነበረም። የቸኮለ ሰው ድምፅ ነበር።

ከውስጥ የሁለቱ ሴቶች ድምፅ ይሰማል። «አሥራ አንድ ዓመት!» ትላለች ቁልፌ። «አንዴ እንኳ፣ ምናልባት ልጁ ይሆን ብለሽ አላሰብሽም?»

«አላሰብኩም።»

«ለምን?»

«ልጄ ነዋ።»

ከዚያ ቁልፌ አለቀሰች፤ ጠዋት ሳታለቅሰው የቀረችውን ይመስላል። አክስቱ ምን እንዳለቻት ሊቁ አልሰማም። ስትወጣ ግን ቁልፌ እስከ በሩ ተከትላት መጥታ «ነገ አልመጣም» ስትል ሰማት። «ነገ አልመጣም። ከነገ ወዲያ እንጃ፤ እናያለን። ካፖርቱን አትንኪው፤ ታበላሺዋለሽ።» ሊቁን አላየችውም።

ሲመለሱ ፀሐይዋ ዘቅዝቃ የመንገድ መብራቶች ገና አልበሩም ነበር። ሱቆች ፊት ሰው ተሰልፎ ዳቦ ይገዛል፤ ከሥራ የሚመለሱ ሰዎች በግራ በቀኝ ያልፏቸዋል። አንዲት ልጅ እግር ወጣት አክስቱን አይታ የጓደኛዋን ክንድ ጎሸም ያደረገች መሰለው፤ ላይሆንም ይችላል። ከእንግዲህ ሰው ባያቸው ቁጥር እንዲህ ሊመስለው እንደሆነ ገባው። አክስቱ አንድ እርምጃ ቀድማው ትሄዳለች። ሊቁ ቢሮው ውስጥ ጎረቤታችን ናት ማለቱን፣ መፈረሙን፣ አሁን ደውሎ ማፍረሱን ከኋላዋ ሆኖ ነገራት። አልዞረችም፤ እርምጃዋንም አልለወጠችም። «ጎረቤት» አለች ብቻ፤ እንደ ጨርቅ በጣቶቿ መካከል አድርጋ ውፍረቱን የምትለካው ይመስል።

የሕንፃው በር ጋ ሲደርሱ ቆመች። «ሦስት መቶ ሰው ነው ያልከኝ?»

«አዎ።»

«ሁሉም ሳቁ?»

«ሁሉም አይደሉም።» እውነቱን ግን አላወቀውም፤ የዚያን ጊዜ መብራቱ ዓይኑ ላይ ስለነበር ከፊት ያሉትን ብቻ ነው ያያቸው።

«አንተስ?» አለች። አሁን ዞራ ነው የጠየቀችው፤ መነጽሯን አላደረገችም፣ ዓይኗ ደክሟል። «እዚያ ቆመህ፣ እኔ እዚያ ግድግዳ ላይ ሆኜ። አንተም ሳቅክ?»

ሊቁ ዓይኑን ከዓይኗ ላይ አላነሳም። ያን ጊዜ መድረኩ ላይ ሳቁ አዳራሹን ሲሞላው ደረቱ ውስጥ ምን ያህል እንደሞቀው አስታወሰ፤ ሰው ሁሉ ወዶት ነበር።

«ሳቅኩ» አለ። «ከሁሉም በፊት የሳቅኩት እኔ ነኝ።»

አክስቱ ራሷን ነቀነቀች፤ ቀድሞ ያወቀችውን ነገር ሰው ሲያረጋግጥላት እንደምታደርገው። ከዚያ ወደ ደረጃው ዞረች። ሁልጊዜ ደረጃ ስትወጣ ጉልበቷ ስለሚያማት የሱን ክንድ ይዛ ነው የምትወጣው። ሊቁም ሳያስበው ክንዱን ዘረጋላት። እሷ ግን ሻርቧን በአንድ እጇ ሰብስባ በሌላው የብረት ድጋፉን ጨበጠችና አንዱን እግሯን ካሳረፈች በኋላ ሌላውን እያስከተለች ቀስ ብላ መውጣት ጀመረች። ሊቁ ሁለት ደረጃ ወደ ኋላ ሆኖ፣ ክንዱን የት እንደሚያደርገው ጨንቆት፣ በእሷ እርምጃ ልክ ተከተላት።